ካሜራው ያየውን የሚይዘው ዲስክ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ቀስ እያለ ይወርዳል)

በዛሬው የቴክኖሎጂ ትምህርታችን የምናወራው ስለ ቤት የደህንነት ካሜራ ነው። ስለ ካሜራው ብዙ ተብሏል፤ እኛ የምናተኩረው ካሜራው ያየውን ተቀብሎ በሚያስቀምጠው ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። እስክሪብቶና ወረቀት ያላችሁ አቅርቡ፣ መሀል ላይ የምንሠራት ትንሽ ሒሳብ አለች።

ሰው ካሜራ ሊያስገጥም ሲነሳ የሚጠይቀው ሁሉ ካሜራውን የሚመለከት ነው። ስንት ሜጋፒክስል ነው? ማታ በቀለም ያሳያል? ድምፅ ይቀዳል? በስልኬ አየዋለሁ? ጥያቄዎቹ ጥሩ ናቸው። ወደ ዲስኩ ሲመጣ ግን ገጣሚው «ባለ አንድ ቴራ ነው» ይላል፣ ባለቤቱም «ይበቃል» ብሎ ሒሳቡን ይከፍላል። ከዚያ አንድ ሌሊት ግቢ ውስጥ ከቆመች መኪና ጎማ ይፈታል። መቅጃው ሲፈተሽ ወይ የሚፈለገው ቀን ተደምስሷል፣ ወይ ዲስኩ ሥራ ካቆመ ወራት አልፈውታል። ካሜራዎቹ ግን እስከዚያች ቀን ድረስ ቴሌቪዥኑ ላይ ቁልጭ ብለው ይታዩ ነበር። ይህን አደራ ልብ በሉልኝ፤ ምስሉ መታየቱ እየተቀዳ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይደለም። የቀጥታ ምስል ያለ ምንም ዲስክም ይታያል።

ለመሆኑ ማንኛውም ሃርድ ዲስክ ለምን አይሆንም? ከኮምፒውተር የወጣ፣ ቤት ውስጥ ተቀምጦ የነበረ ዲስክ መቅጃ ውስጥ ቢሰካ እኮ ይሠራል። አዎ፣ ይሠራል። ጥያቄው እስከ መቼ ነው።

በኮምፒውተር ውስጥ ያለ ዲስክ ኑሮው የተለየ ነው። ጠዋት ይነሳል፣ ፋይል ይነበብበታል፣ አልፎ አልፎ ይጻፍበታል፣ ማታ ይዘጋል። መቅጃ ውስጥ የገባ ዲስክ የሚነበበው አንድ ነገር ሲፈጠር ብቻ ነው፤ የቀረውን ጊዜ በሙሉ ይጽፋል። አራት ካሜራ ካለ አራት ምስል በአንድ ጊዜ ይመጣበታል። ቦታው ሲሞላ እንኳ አያርፍም፣ የቆየውን እየደመሰሰ በላዩ ላይ አዲሱን ይጽፋል። እሑድ የለው፣ በዓል የለው።

አምራቾቹም ይህን ልዩነት በጽሑፍ አስቀምጠውታል። ባራኩዳ የሚባለውን የሲጌት የኮምፒውተር ዲስክ መግለጫ ብታነቡ በዓመት 2,400 ሰዓት እንዲሠራ የታሰበ መሆኑን፣ በዓመት የሚያስተናግደው የመጻፍና የማንበብ ሥራም 55 ቴራባይት መሆኑን ታገኛላችሁ። ዓመቱ ግን 8,760 ሰዓት አለው። ለካሜራ ተብለው የሚሠሩት ዲስኮች 24 ሰዓት እንዲሠሩ የታሰቡ ሲሆኑ፣ የተለመዱት ሞዴሎች በዓመት 180 ቴራባይት ይፈቀድላቸዋል። ለቤተሰብ የተገዛች መኪና ቀንና ሌሊት ታክሲ ብትሠራ ወዲያው ላትቆም ትችላለች፤ ስትቆም ግን ከሻጩ ጋር የምትከራከሩበት አፍ የላችሁም።

ከጥንካሬው በላይ እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ሌላ ልዩነት አለ። ሃርድ ዲስክ አንዳንዴ አንድ ቦታ ላይ ማንበብ ወይም መጻፍ ያቅተዋል። የኮምፒውተር ዲስክ እንዲህ ሲያጋጥመው ደጋግሞ ይሞክራል፣ አንዳንዴም ለብዙ ሰከንድ እዚያው ይታገላል። ልክ ነው። የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ወይም የድርጅታችሁ ሒሳብ ከሆነ አንዲት ፊደል እንድትጠፋ አትፈልጉም፣ ዲስኩም ይህን አውቆ ነው የሚታገለው። ቪዲዮ ላይ ግን ይህ ትጋት ጉዳት ይሆናል። ዲስኩ ከአንዲት ነጥብ ጋር ሲታገል አዲሱ ምስል ከካሜራዎቹ መምጣቱን አያቆምም፤ የሚይዘው ሲያጣ ይፈስሳል። ስለዚህ የካሜራ ዲስክ ባሕርይው ተቀይሯል። የማይሆንለትን ቶሎ ትቶ ወደፊት ይቀጥላል። ከቪዲዮው አንዲት ቅንጣት ብትበላሽ ዐይናችሁ ላያያት ይችላል፤ አሥር ሰከንድ ቢጠፋ ግን አጥር የዘለለው ሰውዬ በዚያች አሥር ሰከንድ ውስጥ ገብቶ ሊያልቅ ይችላል። ይኸው ባሕርይ በተገላቢጦሽም ይሠራል፦ የካሜራ ዲስክ ለኮምፒውተር ሰነድ ተመራጭ አይደለም።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

እንግዲህ ሱቅ ገባችሁ እንበል። መርካቶም ይሁን ፒያሳ፣ ወይ ቦሌ ካሉት የኮምፒውተር ሱቆች አንዱ። በስፋት የሚታወቁት ሦስት ስሞች ናቸው። የዌስተርን ዲጂታል ፐርፕል፣ የሲጌት ስካይሆክ፣ የቶሺባ ኤስ 300። ዌስተርን ዲጂታል ዲስኮቹን በቀለም ይለያል፤ ሰማያዊው ለኮምፒውተር፣ ቀዩ በኔትወርክ ለሚሠራ የጋራ ማከማቻ፣ ሐምራዊው ለካሜራ ነው።

ተለጣፊ ወረቀት ግን ሊያታልል ይችላልና የሞዴል ቁጥሩን ማንበብ ልመዱ። የሲጌት ዲስክ ላይ ከቁጥሮቹ መካከል ቪ እና ኤክስ የሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት ካሉ የካሜራ ነው፤ ዲ እና ኤም ከሆኑ የኮምፒውተር ነው። የዌስተርን ዲጂታሉ ፒ፣ ዩ፣ አር የሚሉ ፊደላት ይኖሩታል። የቶሺባው ኤች፣ ዲ፣ ደብሊው፣ ቲ ብሎ ይጀምራል። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ካላችሁ ፊደሎቹን አሳዩትና ፈገግ በሉ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ስንት ቴራ ልግዛ የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው ስንት ቀን ወደ ኋላ ማየት እፈልጋለሁ በሚለው ነው። በየመቅጃው ውስጥ እያንዳንዱ ካሜራ በሰከንድ ስንት ሜጋቢት እንደሚልክ የተጻፈበት ቦታ አለ። አንድ ሜጋቢት በሰከንድ፣ ለ24 ሰዓት ሲቆጠር 10.8 ጊጋባይት ይሆናል። እደግመዋለሁ፤ አንድ ሜጋቢት በሰከንድ፣ በቀን 10.8 ጊጋባይት። ይህችን አንዲት ቁጥር ብቻ ከያዛችሁ ማንም ገጣሚ አይሸውዳችሁም።

በምሳሌ እንየው። አራት ካሜራ ያለው ቤት ነው። ካሜራዎቹ ባለ 2 ሜጋፒክስል፣ የምስሉ ማመቂያ ዘዴ ኤች 264 የሚባለው የቆየው ዓይነት፣ እያንዳንዱ 4 ሜጋቢት ይልካል። አራት ጊዜ 10.8፣ ለአንድ ካሜራ 43 ጊጋባይት ገደማ በቀን። ለአራቱ 173 ጊጋባይት። ባለ አንድ ቴራው ዲስክ ስድስት ቀን እንኳ ሳይሞላው ይሞላል ማለት ነው። ሰኞ ሌሊት የሆነውን በሚቀጥለው ሰኞ ብትፈልጉት የለም።

ይኸው ቤት ኤች 265 በሚባለው በአዲሱ ዘዴ ቢቀዳ፣ ለተመሳሳይ ምስል ግማሽ ያህል ቦታ ይበቃዋል። በቀን 86 ጊጋባይት መሆኑ ነው። አንድ ቴራ 11 ቀን ይይዛል፣ ሁለት ቴራ 23 ቀን፣ አራት ቴራ 46 ቀን። አያችሁ፣ ዲስክ ከመቀየራችሁ በፊት መቅጃው ውስጥ አንዲት ምርጫ መቀየር ያላችሁን ዲስክ በእጥፍ ሊያሳድገው ይችላል። መቅጃውም ካሜራውም ዘዴውን የሚያውቁት ከሆነ ምንም አያስወጣችሁም። ብዙ ቤት ግን ገጣሚው እንደተወው እንደነበረ ይኖራል።

እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ ይቅዳ የሚለውም ምርጫ ቦታ ይቆጥባል። ጸጥ ባለ ኮሪደር ወይም መጋዘን ውስጥ መልካም ነው። ወደ መንገድ ለሚያይ ካሜራ፣ ወይም ፊት ለፊቱ የሚወዛወዝ ባሕር ዛፍ ላለው፣ ክረምትም ዝናብ ሲወርድ ትርፉ ብዙ አይደለም። እኔ ለዋናው በር ሁልጊዜ ይቀዳ እላለሁ፤ ሌላው በእንቅስቃሴ ቢሆን አልቃወምም።

ስለ ዓመቱም እናስላ። በቀን 173 ጊጋባይት የሚጻፍበት ዲስክ በዓመት 63 ቴራባይት ይጻፍበታል። የኮምፒውተሩ ዲስክ ገደብ 55 ነበር ብለናል። አራት ተራ ካሜራ ብቻ አልፎታል። ስምንት ሲሆኑ 126 ይደርሳል፤ ለካሜራ የተሠራው ዲስክ ግን 180 ስላለው አሁንም ትንፋሽ ይተርፈዋል።

ለቤት ስንት ቀን ይበቃል? በእኔ ግምት ከሁለት ሳምንት አይነስ፤ ወር ቢሆን እሰየው። ሰው ለፋሲካ ወይም ለጥምቀት አገሩ ገብቶ አሥር ቀን ሊቆይ ይችላል። ውጭ አገር ሆናችሁ አዲስ አበባ ያለውን ቤታችሁን በስልክ የምትከታተሉ ደግሞ ወሩን እንደ ዝቅተኛ ያዙት። ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ ከእናንተ ስልክ ምስሉ ይጠፋል እንጂ መቅጃው መቅዳቱን አያቆምም፣ ያ ያመለጣችሁ ጊዜ ያለው ዲስኩ ላይ ብቻ ነው። ቤቱ ላይ የደረሰ ነገርም የሚሰማችሁ ዘግይቶ ነው።

አንድ ቅሬታ ልመልስ። «አንድ ቴራ ብዬ ገዝቼ 931 ጊጋ ብቻ አሳየኝ፣ ተታለልኩ» የሚሉ አሉ። አልተታለላችሁም። አምራቹ አንድ ኪሎ ሲል 1,000 ብሎ ይቆጥራል፣ መሣሪያው 1,024 ብሎ። ልዩነቱ የመጣው ከዚያ ነው።

መጠኑን ከወሰናችሁ በኋላ መቅጃችሁ ስንት ቴራ ድረስ እንደሚቀበል መመሪያው ላይ አረጋግጡ። በቆዩ መቅጃዎች ላይ ትልቅ ዲስክ ላይታወቅ ወይም በከፊል ብቻ ሊታወቅ ይችላል። ኤስኤስዲ ልግዛ ለምትሉ፣ ለዚህ ሥራ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ፍጥነቱ እዚህ አይፈለግም፤ የሚጻፍበት ልክም የተወሰነ ነው።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አሁን ጠንከር ያለውን ነገር ልናገር። ገበያ ላይ አዲስ ተብለው የሚሸጡ ያገለገሉ ዲስኮች አሉ። ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ በጀርመን አዲስ ተብለው የተሸጡ የሲጌት ትልልቅ ዲስኮች ለብዙ ሺህ ሰዓታት የሠሩ ሆነው ተገኝተው ነበር። የሥራ ሰዓታቸው መቁጠሪያ ወደ ዜሮ ተመልሷል፤ ያጋለጣቸው ዲስኩ ውስጥ ያለ ሌላ መዝገብ ነው።

እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? ሻጩ ዲስኩን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። የሥራ ሰዓት የሚለውን መስመር ተመልከቱ። አዲስ ዲስክ ዜሮ ወይም ጥቂት ሰዓት ነው የሚያሳየው። 35,000 ካያችሁ ዲስኩ አራት ዓመት ሙሉ ሳይተኛ ሠርቷል ማለት ነው። ቁጥር 5፣ ቁጥር 197 እና ቁጥር 198 የተባሉት መስመሮች ዲስኩ ላይ የተበላሹ ወይም የሚያጠራጥሩ ቦታዎችን ይቆጥራሉ፤ ሦስቱም ዜሮ ካልሆኑ አትንኩት። ቁጥሩ ንጹሕ መሆኑ ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ከጀርመኑ ታሪክ ሰምታችኋል። ስለዚህ የዲስኩን ጠርዝና የብሎን ቀዳዳዎቹን በዐይናችሁ እዩ፤ ጭረት ያለው የብሎን ቀዳዳ አንድ ጊዜ ታስሮ እንደነበር ይናገራል። የመለያ ቁጥሩንም በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ዋስትናው መቼ እንደሚያልቅ ማየት ትችላላችሁ። የካሜራ ዲስኮች በተለምዶ የሦስት ዓመት ዋስትና አላቸው። ዋስትናው አንድ ዓመት ብቻ ከቀረው «አዲስ ነው» የሚለውን ቃል አትቀበሉ። ደረሰኝ መቀበልንም አትርሱ።

ዲስኩ ተገዛ፣ ወደ ቤት ገባ። ብዙ ዲስክ የሚሞተው ከዚህ በኋላ በእኛው እጅ ነው።

ቀዳሚው ጠላት ሙቀት ነው። መቅጃው ሪሲቨሩ ላይ ይደረባል፣ ዋይፋዩ እላዩ ላይ ይቀመጣል፣ ከዚያ አቧራ እንዳይነካው በሚያምር ዳንቴል ይሸፈናል። ዳንቴሉ ለሌላ ዕቃ ይሁንልኝ። ዲስኩ በምን ያህል ሙቀት እየሠራ እንደሆነ በብዙ መቅጃዎች የዲስክ ገጽ ላይ ይታያል፤ ብዙዎቹ የካሜራ ዲስኮች ጣሪያቸው 65 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ከዚያ በታች በርቀት መቆየት ይሻላል። ሌባ እንዳያገኘው ቁም ሳጥን ውስጥ መደበቁ ብልህነት ነው፣ ሌባው መቅጃውን ራሱን ይዞ የሄደበት ቤት ብዙ ነውና። ግን አየር የሚገባበት ቁም ሳጥን ይሁን።

ስለ ከፍታ ደግሞ ለእኛ ለደጋ ሰዎች የሚጠቅም ነገር አለ። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚጽፈው ክፍል ከሚሽከረከረው ሰሌዳ በላይ የሚንሳፈፈው በአየር ነው፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ጥቂት ናኖ ሜትር ብቻ ነው፣ አንድ ናኖ ሜትር ደግሞ የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ክፍተቱም ይጠብባል። ስለዚህ አምራቾች የከፍታ ገደብ ያስቀምጣሉ፤ የተለመደው 3,048 ሜትር ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ስለሆነች አትሥጉ፣ ደብረ ብርሃንም ከገደቡ በታች ናት። እንጦጦ ጫፍ ላይ ወይም ከ3,000 ሜትር በላይ ባሉ የደጋ ቦታዎች የምትኖሩ ግን በሂሊየም ጋዝ ተሞልተው የታሸጉትን ዲስኮች ብትጠይቁ አይከፋም፤ የውጭው አየር አይነካቸውምና። ብዙውን ጊዜ ትልልቅ መጠን ያላቸው ናቸው፣ ዋጋቸውም ከፍ ይላል። አየር የሚጠቀመው ተራው ዲስክ ላይ ደግሞ ትንሽ ቀዳዳ አለች፣ አጠገቧም እንዳትሸፈን የሚል ማስጠንቀቂያ ተጽፏል። ፕላስተር የሚለጥፉባት ገጣሚዎች አሉ፤ እንዳታስለጥፉ።

መብራት! ይህን ሳናነሳ እንዴት እናልፋለን። መብራት ድንገት ሲጠፋ ዲስኩ በቀረው የመሽከርከር ኃይል የሚጽፈውን ክፍል ወደ ማረፊያው ይመልሳል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ መጥፋቱ ብቻውን አይገድለውም። የሚጎዳው መብራቱ እየመጣ እየሄደ ሲጫወት ነው፤ ዲስኩ ገና ሲነሳ ይጠፋል፣ ሲነሳ ይጠፋል። በዚያ ላይ እየተጻፈ የነበረው ፋይል ይበላሻል። ትንሽ ዩፒኤስ ለመቅጃውና ለካሜራዎቹ የግድ ናት ባይ ነኝ፣ ሁለተኛ ካሜራ ከመጨመር በፊት። ሌላው የአዳፕተሩ ነገር ነው። ዲስክ ለመሽከርከር ሲነሳ ለአፍታ እስከ 2 አምፒር ድረስ ሊስብ ይችላል። የተቃጠለው አዳፕተር በደካማ ተተክቶ መቅጃው ሲነሳ ሲወድቅ፣ ጥፋቱ ዲስኩ ላይ ይላከካል። ዲስክ ከመቀየራችሁ በፊት አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን አምፒር መቅጃው ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያዩ።

ከመሰናበታችን በፊት፣ ክፉ ቀን ቢመጣ ምን ታደርጋላችሁ የሚለውን ላንሳ። ሰዓቱን በምትፈልጉበት ጊዜ መቅጃው በፈረንጅ ቀንና ሰዓት እንደሚቆጥር አስታውሱ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የምንለው እሱ ጋ 2 ሰዓት ነው። «አልተቀዳም» ተብሎ የተተወ ስንት ምስል በዚህ ስሕተት ተደምስሷል! ምስሉን ስታገኙት ሳትውሉ ሳታድሩ ፍላሽ ላይ አውጡት፣ መቅጃው አይጠብቃችሁም፣ ተራው ሲደርስ ይጽፍበታል። ዲስኩን ነቅላችሁ ኮምፒውተር ላይ አትሰኩት። ብዙ መቅጃዎች የሚጽፉበት አሠራር ዊንዶውስ የማያውቀው ነው፤ ዲስኩን ባዶ መስሎት ፎርማት ላድርገው ብሎ ይጠይቃል። እሺ ያላችሁ ቀን ማስረጃችሁ ከእጃችሁ ሊወጣ ይችላል።

እንግዲህ አድማጮቼ፣ ዛሬ ማታ ዜና ካለቀ በኋላ መቅጃችሁን ክፈቱና የቆየው ምስል የስንት ቀን እንደሆነ እዩ። የዛሬ ሳምንቱን ካላገኛችሁ፣ ወይም ከነጭራሹ የተቀዳ ነገር ከሌለ፣ ነገ ጠዋት ገጣሚያችሁን ደውላችሁ ጥሩት፤ ሲመጣም ያስገባላችሁን ዲስክ የሞዴል ቁጥር አስነብቡት። መልካም ምሽት።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)